ስሙን መልአክ ያላወጣለት ዕጢ

(ለእንስሳት ህክምናና ለእንስሳት እርባታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

የንግግሬ ርዕስ ሲነበብ ከኋላ ረድፍ የተቀመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። አልቀየምም። ሰው ስለ ልብና ስለ ሳንባ ሲያስተምር ማንም አይሽኮረመምም፤ ከእምብርት በታች ሲወርድ ግን አዳራሹ ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስለዚህ አሁኑኑ ጉሮሯችንን ጠርገን እንጨርስና ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። የአናቶሚ የቃል ፈተና ነበር። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ወንድ ውሻ የዳሌ ክፍል ተከፍቶ ተቀምጧል። ፈታኙ መምህር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እስቲ የዚህን ውሻ ቬሲኩላር ዕጢ አሳየኝ» አሉኝ። ዕጢዬ ዱብ አለ። የእኔው ዱብ አለ፤ የውሻው ግን ሊገኝ አልቻለም። በቀኝ ፈለግሁ፤ በግራ ፈለግሁ፤ የሽንት ፊኛውን ገልብጬ ከስሩ ፈለግሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ አንዲት የስብ ቁራጭ በመቆንጠጫ ያዝሁና «ይኸው» አልኩ። መምህሩ ስቡን ትኩር ብለው አዩና «ውሻ ይህ ዕጢ የለውም። አንተ ግን ሠራህለት» አሉኝ።

ወደቅሁ። ደግሜ ተፈትኜ አለፍሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አንዱ እንስሳ ያለው ዕጢ ሌላው ከሌለው፣ ሁለቱም ደግሞ ልጅ ከወለዱ፣ ይህ ዕጢ ምን ይሠራል? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ጥያቄ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ፦ የወንዱን የዘር ፈሳሽ የሚያመነጩት እነዚህ ዕጢዎች እነማን እንደሆኑና የትኛው እንስሳ የትኛውን እንደያዘ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ሲታመሙ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉን። እግረ መንገዴን ከጉዳዩ ብወጣ ታገሱኝ፤ መውጣት ልማዴ ነው።

በመጀመሪያ ግን ስለ ስማቸው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የእነዚህን ዕጢዎች ስም ያወጣ መልአክ ካለ ያን ዕለት ሥራ በዝቶበት ነበር ማለት ነው። አንዱ «ተጨማሪ» ይላቸዋል፣ ሌላው «ረዳት»፣ ሌላው «ተቀጥላ»። ሦስቱም ቃላት ያው ናቸው፤ ቢቀርም የማይጎዳ ነገር ያስመስሏቸዋል። በዚያ ላይ «ዕጢ» የሚለው የራሳችን ቃል ሌላ ጣጣ አለው። ለእንስሳው ባለቤት «በሬዎ ውስጥ ዕጢ አለ» ብትሉት ካንሰር የነገራችሁት ይመስለዋል። በአንድ ቃል ጤነኛውንም አካል በሽታውንም እንጠራለን። እባካችሁ፣ ወደ ሥራ ስትሰማሩ ከገበሬው ጋር ስትነጋገሩ ይህን አስታውሱ። እኔ አንዴ ረስቼ ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ውኃ ማጠጣት ግድ ሆኖብኛል።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። በወንድ አጥቢ እንስሳት ውስጥ በሽንት ቧንቧው መነሻ ዙሪያ፣ በዳሌ አጥንት ውስጥ የሚገኙ አራት ናቸው። የመጀመሪያው አምፑላ ይባላል፤ የዘር ህዋስ ከቆለጥ ይዞ የሚመጣው ቱቦ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ወፍሮ ግድግዳው በዕጢ የተሞላበት ክፍል ነው። ሁለተኛው ያ ያዋረደኝ ቬሲኩላር ዕጢ ነው፤ በቀኝና በግራ ጥንድ ሆኖ ይቀመጣል። ሦስተኛው ፕሮስቴት ነው። አራተኛው ወደ መውጫው ተጠግቶ ጥንድ ሆኖ የሚገኘው ቡልቦዩሬትራል ዕጢ ነው፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ካውፐር በ1699 ስለጻፈበት የካውፐር ዕጢም ይሉታል። ፈረንሳዊው ዣን ሜሪ ግን ከእሱ ቀድሞ በ1684 ገልጾት ነበር። ስሙ የቀረው ለሁለተኛው ሰው ነው። አልኳችሁ፤ መልአኩ ሥራ በዝቶበት ነበር።

ኮርማ አራቱንም ይዟል። ድንጉላ ፈረስም አራቱንም ይዟል፤ ነገር ግን የድንጉላው ቬሲኩላር ዕጢ እውነተኛ ከረጢት ሲሆን ውስጡ ባዶ ነው፤ የኮርማው ደግሞ እብጥ እብጥ ያለ፣ በእጅ ሲዳሰስ ጠንከር የሚል ሥጋ ነው። በግና ፍየል ፕሮስቴታቸው በሽንት ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ እንደ ኮርማው ጎልቶ የሚታይ አካል የለውም። ድመት ፕሮስቴትና ቡልቦዩሬትራል አላት፤ ቬሲኩላር የላትም። ግመልም ቬሲኩላር የለውም። ውሻ ከፕሮስቴትና ከቀጫጭን አምፑላዎች በቀር ሁሉንም ትቷል። ዓሣ ነባሪ ያን ሁሉ አካል ይዞ ፕሮስቴት ብቻ ይበቃዋል። አውራ ዶሮ ደግሞ ከአራቱ አንዱም የለውም።

አሁን ወንድ አሳማን እዩት። እንደ እኔ ከሆነ በዚህ ነገር የሁሉም ንጉሥ እሱ ነው። ቬሲኩላር ዕጢው ግዙፍ ነው፤ ቡልቦዩሬትራል ዕጢው እያንዳንዱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በኮርማ ውስጥ ይኸው ዕጢ በጡንቻ ተሸፍኖ የተደበቀ ትንሽ እንክብል ነው፤ በእጅ ለማግኘትም ያስቸግራል። ለምን ይህ ሁሉ ልዩነት? ጥያቄው ይህ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ነጥብ የሚያሻግረንም ይኸው ነው።

አንድ በግ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው የዘር ፈሳሽ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ኮርማ ከአምስት ሚሊ ሊትር ብዙም አይርቅም። አሳማው ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ያወጣል። የበጉ አንድ ሚሊ ሊትር ግን ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ የዘር ህዋስ ታጭቆበታል፤ የአሳማው አንድ ሚሊ ሊትር የያዘው የዚህን አንድ አስረኛ ያህል ነው። የቀረው ምንድን ነው? የቀረው ሁሉ የዕጢዎቹ ሥራ ነው። በሰው እንኳ ከዘር ፈሳሹ ውስጥ ከቆለጥ የሚመጣው ከመቶ አምስት እጅ አይበልጥም፤ ሌላው ሁሉ «ተጨማሪ» ከተባሉት ዕጢዎች የመጣ ነው። ከመቶ ዘጠና አምስቱን ያዋጣ ተጨማሪ ተብሎ፣ አምስቱን ያዋጣ ባለቤት ሲባል በየትኛው ሸንጎ ነው ፍርድ የሚባለው?

አሳማው ይህን ሁሉ ፈሳሽ የሚያወጣው በከንቱ አይደለም። በግና ኮርማ ዘራቸውን የሚያኖሩት በሴቷ ብልት ውስጥ፣ በማህፀን በር ደጃፍ ላይ ነው፤ አሳማ ግን ጠመዝማዛ ብልቱን በማህፀን በር ውስጥ ቆልፎ በቀጥታ ወደ ማህፀን ያፈሳል። የአሳማ ማህፀን ደግሞ ቀንዶቹ እንደ አንጀት የረዘሙ ናቸው። ያን መንገድ ሁሉ ለመሙላት ጎርፍ ያስፈልጋል። ጎርፉ እንዳይመለስ ደግሞ የቡልቦዩሬትራል ዕጢው እንደ ሙጫ ያለ ዝልግልግ ነገር አውጥቶ በሩን ይዘጋል። የአሳማ ዘር የምትሰበስቡ ባለሙያዎች ጽዋው አፍ ላይ ማጥለያ ጨርቅ የምትዘረጉት ለዚህ አይደል? ያ በጨርቁ ላይ የሚቀረው፣ የምትጥሉት ነገር፣ መዝጊያው ነው።

አይጦችም ይህን መዝጊያ ይሠራሉ፤ እንዲያውም የእነሱ ይጠነክራል። ከቬሲኩላር ዕጢ የሚመጣውን ፕሮቲን ከፕሮስቴት ክፍል የሚወጣ ኢንዛይም ያስረዋል፣ ያጠነክረዋል። በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ሴት አይጦችን እያነሱ ይህን መዝጊያ ይፈልጋሉ፤ ካገኙት የእርግዝናውን ቀን መቁጠር ይጀምራሉ።

ሌላው ሥራቸው ምግብ ነው። በ1946 ታዴየስ ማን የተባለ ተመራማሪ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ስኳር ፍሩክቶስ መሆኑን አረጋገጠ፤ የፍራፍሬው ስኳር ማለት ነው። በኮርማና በበግ ይህን ስኳር በብዛት የሚያቀርበው ቬሲኩላር ዕጢ ነው። ያ ሁሉ ቢሊዮን መንገደኛ ስንቅ የሚይዘው ከእሱ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገድ ወጥቼ አንድ የስም ስህተት ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። በ1930ዎቹ ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በዘር ፈሳሽ ውስጥ ጡንቻን የሚያኮማትርና የደም ግፊትን የሚያወርድ ነገር አገኘ። ከፕሮስቴት የመጣ መስሎት በ1935 «ፕሮስታግላንዲን» አለው። የመጣው ግን በዋናነት ከቬሲኩላር ዕጢ ነበር! በኋላ በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ይህ ነገር ከምን እንደሚሠራ ለማወቅ የተጠቀሙት የበግ ቬሲኩላር ዕጢ ነው፤ ፈጭተው አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ የስብ ዓይነት ሲጨምሩበት ዕጢው ፕሮስታግላንዲን ሠራላቸው። ከዚያ ሥራ ዋናዎቹ የሆኑት ሱኔ ቤሪስትረም እና ቤንግት ሳሙኤልሶን ከጆን ቬን ጋር በ1982 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ክብሩ ለሰዎቹ፣ ስሙ ለፕሮስቴት፣ ሥራው ለቬሲኩላር ዕጢ።

ላሞች በአንድ ሳምንት አንድ ላይ ኮርማ እንዲፈልጉ ለማድረግ የምትወጉት መርፌ ምንድን ነው? ያው ፕሮስታግላንዲን ነው። ሴቷም በማህፀኗ ትሠራዋለች። በእጃችሁ የያዛችሁት ብልቃጥ የተሳሳተ አድራሻ ያለበት ደብዳቤ ነው፤ ደግነቱ ከቦታው ይደርሳል።

«ቬሲኩላር» የሚለው ስምም ቢሆን ታሪክ አለው። ድሮ ዕጢው የዘር ማጠራቀሚያ ከረጢት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጆን ሀንተር የተባለው የቀዶ ህክምና ሊቅ በ1786 ብዙ እንስሳትን አነጻጽሮ ይህ ማጠራቀሚያ አይደለም፣ የራሱ ፈሳሽ ያለው ዕጢ ነው ብሎ ተከራከረ። ትክክል ነበር። ዘሩ የሚጠራቀመው ከቆለጡ ጎን በተጣበቀው በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ነው።

አሁን ከመካከላችሁ ብልህ የሆነው እጁን ያወጣል፤ አውቀዋለሁ፣ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። «ከሞተ ኮርማ ኤፒዲዲሚስ ዘር ወስደን በሰው ሠራሽ ዘዴ ላም እናስረግዝ የለም ወይ? ዕጢዎቹ እኮ ምንም አላዋጡም!» ይለኛል። ልክ ነው። ይቻላል፤ ይደረጋልም። ታዲያ ያ ማለት ዕጢዎቹ አያስፈልጉም ማለት ነው? ልብ በሉ፤ በሰው ሠራሽ ዘዴ ጊዜ የዕጢዎቹን ሥራ የሚሠራው ሌላ ነው። መንገዱን እናንተ በማስገቢያው ዘንግ ታሳጥራላችሁ፤ ስንቁን እናንተ በማቅጠኛው ፈሳሽ ታቀርባላችሁ፤ ከብርድ እናንተ በእንቁላል አስኳልና በግሊሰሮል ትጠብቃላችሁ። ዕጢው የቀረ ይመስላችኋል እንጂ ዕጢው እናንተ ሆናችኋል።

ደግሞስ ዕጢው የሚያገለግለው የዘር ህዋሱን ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ፈሳሹ ለሴቷም መልእክት አለው። የግመል ሴት እንደ ላም በየጊዜው እንቁላል አትጥልም፤ የምትጥለው ከተጠቃች በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ይህን የሚያደርገው የግንኙነቱ መነካካት ብቻ ይመስል ነበር። በኋላ ግን በግመልና በዘመዶቹ በላማና በአልፓካ ላይ በተደረገ ምርምር የዘር ፈሳሹን ከዘር ህዋሱ ለይተው በጡንቻ ላይ ብቻ ሲወጉት ሴቷ እንቁላል ጣለች። በ2012 እንቁላል የሚያስጥላት የፈሳሹ ፕሮቲን ሲለይ ምን ሆኖ ተገኘ? ነርቭን የሚያሳድግ ተብሎ በሌላ ሥራ የሚታወቀው ፕሮቲን ሆኖ አረፈ። ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብም አለች። የወንዱ ዕጢ 36 አሚኖ አሲድ ያላት አንዲት ቁራጭ ፕሮቲን ያቀብላታል፤ ከዚያ በኋላ ሴቷ እንቁላል መጣል ታበዛለች፣ ሌላ ወንድ ሲመጣም ለቀናት እምቢ ትላለች።

ስለ ሴቶች ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ ዕጢ የወንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቅጫም ፀጉር ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለው በምን ይመስላችኋል? ከሴቷ ቅማል ዕጢ በሚወጣ ሙጫ ነው። ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ ናት። ይህች ዝንብ እንቁላል በትና አትሄድም፤ አንድ ልጅ ብቻ በማህፀኗ ታሳድጋለች። ተቀጥላ ዕጢዋ ወተት ሰጪ ሆኖ ልጁን በዚያው በሆዷ ውስጥ ያጠባዋል። ልጁ ሲወለድ ክብደቱ ከእናቱ አይተናነስም፤ ወዲያው ወደ አፈር ይገባል። በከብቶቻችን ላይ ያደረሰችውን ሁሉ አውቃለሁ፤ እናትነቷን ግን መካድ አልችልም።

ሦስተኛው ነጥብ በሽታ ነው፤ ሰዓቴ ስለሚገፋ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ኮርማ አመጡልኝ። ቁመናው ያማረ፣ ቆለጡ በልኩ፣ ፍላጎቱ የሚያስፈራ። ዘሩን ስናይ ግን ነጭ የደም ህዋስ ሞልቶበታል። ባለቤቱ «ምን ጎደለው? ዓይኔን ነው የጣልኩበት» እያለ ይሟገተኛል። ጓንት አጥልቄ በፊንጢጣው በኩል እጄን አስገባሁ። የግራው ቬሲኩላር ዕጢ ከቀኙ እጥፍ ሆኖ ደንድኗል። ይህ የዕጢ ብግነት በኮርማዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከሚያመጡት ተህዋስያን አንዱ ደግሞ ለሰውም የሚተርፈው የብሩሴላ ተህዋስ ነው። ስለዚህ አደራ፣ ኮርማ ስትመረምሩ ቆለጥ ለክታችሁ ብቻ አትመለሱ። እጃችሁን አስገቡ! ጓንታችሁንም አትርሱ!

ውሻን ደግሞ እዩ። ያ አንድ ያለው ፕሮስቴት ነው ያረጀ ጊዜ የሚያስቸግረው፤ ካልተኮላሹ ውሾች መካከል ዕድሜያቸው ከገፋ አብዛኞቹ ፕሮስቴታቸው ይተልቃል። ሰው ይህ ሲደርስበት ሽንቱ ይታገዳል፤ ውሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ወደ ላይ ፊንጢጣውን ስለሚጫነው የሚቸገረው በዓይነ ምድሩ ነው። አንዲት እናት ውሻቸውን የሆድ ድርቀት ነው ብለው ለወራት ዘይት ሲያጠጡት ቆይተው አመጡልኝ። «እማማ፣ የሚያስቸግረው ሆዱ አይደለም፤ ፕሮስቴቱ ነው» ስላቸው «እሱ የባሌ በሽታ ነው፤ ውሻው ከየት አመጣው?» አሉኝ። ከባለቤታቸው ጋር አንድ መሆኑ ልክ ነበር። ቻርልስ ሀጊንስ የፕሮስቴት ካንሰር በሆርሞን እንደሚመራ አሳይቶ በ1966 ኖቤል ያገኘበት መንገድ የተጀመረው በውሻ ፕሮስቴት ላይ በሠራው ምርምር ነው። ውሻቸው ተኮላሸ፤ በሳምንታት ውስጥ ዕጢው ሟሸሸ። እነዚህ ዕጢዎች በወንዴ ሆርሞን የሚኖሩ ናቸው፤ ምንጩ ሲደርቅ ይደርቃሉ። ለባለቤታቸው ግን ይህን መድኃኒት አላዘዝኩም።

ሆርሞኑ ሲዛባ ደግሞ ተቃራኒውም አለ። በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ በጎች የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር ባለበት ክሎቨር በተባለ የግጦሽ ሣር ላይ ተሰማርተው ነበር። ሴቶቹ መከኑ። የተኮላሹት ወንዶች ደግሞ ቡልቦዩሬትራል ዕጢያቸው አብጦ ከጭራቸው ስር ጎልቶ ወጣ፤ ሽንታቸው የታገደም ነበሩ። የተኮላሸ በግ ላይ ሞቶ ተረስቶ የነበረ ዕጢ በሣር ተነሳ!

የመጨረሻዋ ታሪኬ የራሴ ጥፋት ናት። ወጣት ሳለሁ የወጠጤ ፍየል ዘር ለማቆየት ተነሳሁ። የኮርማውን አሠራር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የእንቁላል አስኳል ያለበትን ማቅጠኛ አዘጋጀሁ፣ ቀላቀልሁ፣ አቀዘቀዝሁ። በማይክሮስኮፕ ስመለከት ሁሉም ቀጥ ብለዋል። ደገምሁ፤ ሞቱ። ሠለስሁ፤ ሞቱ። አለቃዬ መጥተው አዩና «ማን ገደላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔ እንጃ ጋሼ፣ ሁሉን በደንቡ ነው ያደረግሁት» አልኩ። «በበሬ ደንብ ነዋ!» አሉ። የፍየል ቡልቦዩሬትራል ዕጢ የአስኳሉን ስብ ሰብሮ ለዘር ህዋስ መርዝ የሚያደርገው ኢንዛይም አለው። ስለዚህ የፍየል ዘር በቅድሚያ በማሽከርከሪያ ታጥቦ ፈሳሹ ይወገዳል፤ አለዚያም አስኳሉ በጣም ይቀነሳል። በሴቷ ማህፀን ውስጥ አስኳል ስለሌለ ያ ኢንዛይም ማንንም አይገድልም። አስኳሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ከእረፍት በኋላ በጎን ባለው ክፍል አምስት ትሪዎች ተዘርግተው ይጠብቋችኋል፤ በየትሪው የአንድ ወንድ እንስሳ የዳሌ አካል አለ፣ ስም አልተለጠፈም። ዕጢውን አይታችሁ እንስሳውን ትነግሩኛላችሁ። አራተኛው ትሪ ላይ ቬሲኩላር ዕጢ ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ እባካችሁ ስቡን አትንኩ።